ስለ ተበከሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥቅሎችና ነጋዴ ሊያደርገው ስለሚገባው ጥንቃቄ

በ2000 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. በ2008) ወደ ጃፓን የተላከ የኢትዮጵያ ቡና ሲመረመር ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ተገኘበት። በዚህም ምክንያት ያ ከፍተኛ ገበያ ለጊዜው ተዘጋ። የአገራችን ቡና በአብዛኛው ያለ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚለማ በመሆኑ ነገሩ ላኪዎችን እጅግ አስደነገጣቸው። ጉዳዩ ተጣርቶ ሲታይ ግን ጥርጣሬው ያረፈው በፍሬው ላይ ሳይሆን ፍሬው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ በላዩ የተለበጠ ብረት ሆኖ በመገኘቱ መመለሱ ይታወሳል።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ለነጋዴ የሚያስተምሩት ትምህርት አንድ ነው። ጉዳት ሁልጊዜ ከማይታወቅ ሰው እጅ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ከታመነ ቤት፥ በታመነ መያዣ፥ በታወቀ ማኅተም ታሽጎ ይመጣል። ዛሬ ይህ ዓይነቱ ጉዳት ከቡናና ከወርቅ አልፎ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ፕሮግራሞች ላይ እየበዛ ስለ ሄደ፥ አስመጪውም፥ ላኪውም፥ ባለሱቁም አሠራሩን ሊያውቀው ይገባል።

ነገሩ ነጋዴን ስለሚነካበት ምክንያት

ጉዳዩ ለጊዜው ሲታይ የኮምፒውተር ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ዳሩ ግን የንግድ ሥራ አካሄድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረና ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ. ም. ከተጨመረ ወዲህ፥ በአዲ አርቃይ፥ በደባርቅና በዳባት ያለ ባለሱቅ የስኳሩንና የዘይቱን ዋጋ በስልኩ ለመቀበል፥ በጎንደር ላለው አከፋፋይም በስልኩ ለመክፈል ይችላል። አስመጪው የፈቃድና የጉምሩክ ጉዳዩን በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይፈጽማል። ሰሊጥ ላኪው ከውጭ ገዢው ጋር የሚጻጻፈው በኢሜይል ነው። እንግዲህ ሚዛኑ፥ ሣጥኑና መዝገቡ በአንድነት በፕሮግራም ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው።

ፕሮግራም ሲሳሳት ገንዘብ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚንቀሳቀስ በመጋቢት ወር 2016 ዓ. ም. በአገራችን ታይቷል። ከዐርብ ወደ ቅዳሜ ባነጋው ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዐት ላይ በደረሰ እክል ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ እንዳስታወቀው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያም አብዛኛው ተመልሷል። ምክንያቱም የውጭ ጥቃት ሳይሆን በመደበኛ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጊዜ የተፈጠረ ጉድለት መሆኑን ባንኩ ገልጿል። ክፉ አሳቢ ያልነካው ስሕተት በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ካናወጠ፥ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ክፋት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመገመት አያስቸግርም።

የፕሮግራም መጋዘን ምንድን ነው?

ብዙ ሰው አንድ ፕሮግራም በአንድ ባለሙያ እጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጻፈ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው ሚስማሩን፥ ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን ከየመደብሩ እንደሚገዛ እንጂ ራሱ እንደማያመርት ሁሉ፥ ፕሮግራም ሠሪም ቀኑን የሚቈጥርለትን፥ ሥዕሉን የሚያሳንስለትን፥ ደብዳቤውን የሚልክለትን ክፍል ሌሎች ሠርተው ካስቀመጡት ያመጣል። ይህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ክፍል ጥቅል ወይም ፓኬጅ ይባላል። ጥቅሎቹ የሚቀመጡበትም በኢንተርኔት የሚገኝ ትልቅ መጋዘን አለ።

ከነዚህ መጋዘኖች ሁለቱ በጣም የታወቁ ናቸው። አንደኛው እ. ኤ. አ. በ2003 የተመሠረተውና ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉትን የሚይዘው ፓይፒአይ ሲሆን፥ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ጥቅሎች አሉበት። ሁለተኛው እ. ኤ. አ. በ2010 የተጀመረው ኤን ፒ ኤም ነው፤ ይህ ለጃቫስክሪፕት የተዘጋጀ ሲሆን የጥቅሎቹ ቍጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ከመጋዘኖቹ ዕቃ ለመውሰድ ዋጋ አይከፈልም። ዕቃ ለማስገባትም ቢሆን ማንም ሰው ስሙን አስመዝግቦ ይችላል። ጥቅሎቹ ውስጣቸው ለሁሉ የሚታይ በመሆኑ ኦፕን ሶርስ ወይም ምንጫቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች ይባላሉ።

ይህ አሠራር ለዓለም ትልቅ በረከት አምጥቷል። በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ያለ አንድ ወጣት ባለሙያ ያለ ብዙ ገንዘብ ለነጋዴ የሚረባ ፕሮግራም ለመሥራት የቻለው በዚህ ነው። ነገር ግን አንዱ ጥቅል ሌላውን ይጠራል፤ ያም ሦስተኛውን ይጠራል፤ ስለዚህ ሠሪው አምስት ጥቅል ወሰድኩ ሲል በእውነቱ አምስት መቶ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ወርዶ አዲ አርቃይ የሚገባ የጭነት መኪና በእያንዳንዱ ኵርባ ባለው የድንጋይ ግንብ ይተማመናል እንጂ ግንቡን ማን እንደ ጠገነው ወርዶ አይጠይቅም። አንዱ ግንብ ሲናድ ግን መንገዱ በሙሉ ይዘጋል።

የዚህም ምሳሌ በመጋቢት ወር እ. ኤ. አ. በ2016 ታይቷል። ሌፍት ፓድ የተባለች፥ 11 መስመር ብቻ ያላት ጥቅል ነበረች። ሠሪዋ ከመጋዘኑ ጋር በስም ጉዳይ ተጣልቶ ስላነሣት፥ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቈጠሩ ሥራዎች በዚያው ቀን ተስተጓጐሉ። በዚህ ጉዳይ ክፋት አልነበረም፤ ሆኖም ትልቁ ቤት በምን ያህል ትንሽ ሚስማር እንደ ቆመ ለሁሉ አሳየ። ክፉ አሳቢዎችም ይህን ተመልክተዋል።

ክፋት የሚገባባቸው አምስት በሮች

አንደኛው በር የስም ማመሳሰል ነው። ባለሱቅ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ስሙ ከታወቀው ምልክት በአንድ ፊደል ብቻ የተለየ ባትሪና ምላጭ ወደ ገበያ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቷልና። በአማርኛ ሰላም ብሎ በሰ የተጻፈውንና ሠላም ብሎ በሠ የተጻፈውን ምልክት ለይቶ የሚገዛ ስንቱ ነው? በሐምሌ ወር እ. ኤ. አ. በ2017 አንድ ሰው ወደ 40 የሚጠጉ ስማቸው ከታወቁ ጥቅሎች ጋር የሚመሳሰል ጥቅሎች በኤን ፒ ኤም አስገባ። ከነዚህ አንዱ ክሮስ ኢንቭ ከሚባለው ጥቅል በስሙ መካከል ያለችውን ሰረዝ ብቻ ያስቀረ ነበር። በስሕተት የወሰደውም ሠሪ በኮምፒውተሩ ያስቀመጣቸው የምስጢር ቍልፎች ወደ ሌባው ይላኩ ነበር። ይህም እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። በታኅሣሥ ወር እ. ኤ. አ. በ2019 ደግሞ በፓይፒአይ ጄሊፊሽ የተባለውን ጥቅል የሚመስል ሌላ ጥቅል ተገኘ። በላቲን ፊደል ትልቁ አይና ትንሹ ኤል በመልክ አንድ ስለ ሆኑ አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ ነበር፤ ሳይነቃበትም አንድ ዓመት ያህል በመጋዘኑ ተቀምጧል።

ሁለተኛው በር የአደራ መተላለፍ ነው። ከጥቅሎቹ ብዙዎቹ የሚጠበቁት ያለ ደመወዝ በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ ሰዎች ነው። ከነዚህ አንዱ ኢቨንት ስትሪም የተባለውንና በየሳምንቱ ወደ 2 ሚሊዮን ጊዜ የሚወሰደውን ጥቅል ለብዙ ዓመታት ሲጠብቅ ቆይቶ ስለ ደከመው፥ ልርዳህ ብሎ ለቀረበው ለማያውቀው ሰው አስረከበው። ተረካቢው በመስከረም ወር እ. ኤ. አ. በ2018 ሌላ ትንሽ ጥቅል ጨመረበት፤ በዚያችም ውስጥ የተደበቀው ኮድ ኮፔይ በተባለ የቢትኮይን ቦርሳ ያለውን ገንዘብ ለመስረቅ የተዘጋጀ ነበር። ነገሩ የተነቃው በኅዳር ወር ነው። መጋዘኑ ቍልፉን ለልጁ ሳይሆን ለመንገደኛ የሰጠ ባለአደራ ምን እንደሚገጥመው ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላልና።

ሦስተኛው በር የቍልፍ ስርቆት ነው። በመስከረም ወር መጀመሪያ እ. ኤ. አ. በ2025 ቾክና ዲበግ የተባሉትንና ሌሎችንም በጣም የታወቁ ጥቅሎች የሚጠብቅ አንድ ባለሙያ ከመጋዘኑ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰው። ደብዳቤው የመግቢያ ምልክትህን አድስ የሚል ነበር። እርሱም አምኖ የይለፍ ቃሉን በሐሰተኛው ገጽ ላይ ጻፈ። ሌቦቹ ወዲያውኑ በ18 ጥቅሎች ውስጥ ክፉ ኮድ ጨመሩ፤ ጥቅሎቹ በአንድነት በሳምንት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወሰዱ ነበሩ። የኮዱም ሥራ ገንዘብ የሚልክ ሰው የጻፈውን የተቀባይ አድራሻ በሌባው አድራሻ መለወጥ ነበር። ደግነቱ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ስለ ተነቃበት የተሰረቀው ገንዘብ ጥቂት ሆነ። በዚያው ወር ግን ሻይ ሁሉድ የተባለው ሌላ ክፉ ፕሮግራም ተነሣ። ይህኛው ከአንዱ ሠሪ ኮምፒውተር ቍልፍ ሰርቆ፥ በዚያ ቍልፍ ወደሚቀጥለው ራሱ እየተሻገረ፥ ከ500 በላይ ጥቅሎችን በከለ።

አራተኛው በር የውስጥና የውጭ ስም መምታታት ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ለራሳቸው ብቻ የሚጠቀሙባቸው ጥቅሎች በየግል መጋዘናቸው አሏቸው። በየካቲት ወር እ. ኤ. አ. በ2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለ ተመራማሪ እንዳስታወቀው፥ እነዚህን የውስጥ ስሞች አጥንቶ በዚያው ስም ጥቅሎችን በሕዝብ መጋዘን ሲያስቀምጥ፥ የኩባንያዎቹ ኮምፒውተሮች የራሳቸውን ትተው የእርሱን ወሰዱ። አፕልን፥ ማይክሮሶፍትንና ፔይፓልን ጨምሮ ከ35 በላይ የሆኑ ኩባንያዎች በዚህ ተገኙ። ሰውየው ጉዳት ሳያደርስ ስለ ነገራቸው ከ130,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሽልማት አግኝቷል። ጋሪ ነጂው በታወቀው ስም የተጠራ ሁለተኛ መጋዘን ከመንገዱ ዳር ሲያገኝ ጭነቱን ከዚያ እንደ መጫን ያለ ነው።

አምስተኛው በር ትዕግሥት ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። ኤክስ ዜድ የተባለው ጥቅል መዝገቦችን አጥብቆ የሚያሳንስ ሲሆን፥ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዐት በሚሠሩ እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው ከ2021 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ጥቅሉን ብቻውን የሚጠብቀውን ባለሙያ መርዳት ጀመረ። ለሁለት ዓመት ያህል መልካም ሥራ ሠራ፤ አመኔታ አተረፈ፤ በመጨረሻም ቍልፍ ተሰጠው። በየካቲትና በመጋቢት 2024 እ. ኤ. አ. ባወጣቸው ሁለት እትሞች ግን ኮምፒውተርን በምስጢር ለመክፈት የሚያስችል በር ደብቆ አስገባ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ የኮምፒውተሩ መግቢያ ከወትሮው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አስገርሞት መመርመር ጀመረ። በመጋቢት 29 ቀን እ. ኤ. አ. 2024 ያገኘውን ለዓለም ገለጠ፤ የተበከለውም እትም በሰፊው ሳይሠራጭ ተያዘ።

ከዚህ የመጨረሻ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ የሁለት ዓመት መልካም ሥራ ብቻውን የመታመን ዋስትና አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን የሚያጽናና ነው፤ ይኸውም ጥቅሉ ውስጡ ለሁሉ የሚታይ ባይሆን ኖሮ ያ ባለሙያ ጥርጣሬውን ተከትሎ እስከ ሥሩ ለመውረድ ባልቻለ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ ክፍት ፕሮግራሞችን መተው አይደለም። በሚታይ ዕቃ ላይ የሚያይ ዐይን ማብዛት ነው እንጂ።

ከሒሳብ ፕሮግራም እስከ ወደብ

ክፋቱ የሚገባው በክፍት መጋዘን ብቻ አይደለም። በዋጋ የሚሸጥ ፕሮግራምም በሚያድሰው በኩል ሊበከል ይችላል። ለነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ምሳሌ በሰኔ 27 ቀን እ. ኤ. አ. 2017 በዩክሬን የደረሰው ነው። በዚያ አገር ነጋዴዎች ሒሳብ ለመያዝና ግብር ለማስታወቅ ኤም. ኢ. ዶክ በተባለ ፕሮግራም በሰፊው ይጠቀሙ ነበር። ክፉ አሳቢዎች የፕሮግራሙ ማደሻ ወደሚላክበት ኮምፒውተር ገብተው ኖትፔትያ የተባለውን አጥፊ ፕሮግራም ጨመሩበት። ማደሻውን በቅንነት የተቀበለ ሁሉ መዝገቡን አጣ።

የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ከዩክሬን ጠብ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ነገር ግን በኦዴሳ ባለው ቅርንጫፍ ይህ የሒሳብ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ስለ ነበር፥ ጥፋቱ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ወዳሉት ኮምፒውተሮቹ ተዛመተ። የወደብ በሮች ተዘጉ፤ ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች ተሰለፉ፤ የትኛው ዕቃ የማን እንደ ሆነ የሚያሳየው መዝገብ ጠፋ። ኩባንያው 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መጫን ግድ ሆነበት፤ ኪሳራውም እስከ 300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል።

የኮምፒውተሮቹን ሁሉ ስምና ፈቃድ የሚይዘው ዋናው መዝገብ ቅጂዎች በየአገሩ ጠፍተው ሳለ አንዲት ቅጂ ብቻ ተረፈች። ይህችም በጋና ቅርንጫፍ የነበረች ናት። ጥፋቱ በደረሰበት ሰዓት በዚያ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ኮምፒውተሩ ከመረቡ ተለይቶ ቆየ። እንደ ተዘገበው፥ የጋናው ሠራተኛ ቅጂውን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በዚያም ለሌላ ሠራተኛ አስረከበው፤ ያም ወደ እንግሊዝ አደረሰው። እኛ የመብራት መጥፋትን ሁልጊዜ እንደ እርግማን እንቈጥረዋለን። በዚያ ቀን ግን ያን ታላቅ ኩባንያ ያዳነው ከመረቡ ተለይቶ የተቀመጠ አንድ ቅጂ ነው።

የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍና በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች የሚጫን በመሆኑ፥ እንዲህ ያለ ጥፋት በሩቅ አገር ቢነሣም ዋጋው እስከ ደባርቅ መደብር ድረስ ሊሰማ ይችላል። ዕቃው በዘገየ ቍጥር የወደብ ኪራይ ይጨምራል፤ ኪራዩም በሳሙናውና በቆርቆሮው ዋጋ ላይ ይታከላል።

በአገራችንና በአካባቢያችን

ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የነካ ምሳሌም አለ። በታኅሣሥ ወር እ. ኤ. አ. በ2017 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፥ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመንግሥት ተቃዋሚዎች ሐሰተኛ የፕሮግራም ማደሻ እንደ ተላከላቸው ገልጿል። አካሄዱ እንዲህ ነበር። በኢሜይል የቪዲዮ አድራሻ ይላካል። አድራሻው የታወቀ የቪዲዮ ገጽ ስም ይመስላል፤ ሲከፈት ግን ቪዲዮውን ለማየት አዶቢ ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም አድስ ይላል። የወረደው ማደሻ እውነተኛውን ፕሮግራም ከሰላይ ፕሮግራም ጋር ጠቅልሎ የያዘ ነበር። የፖለቲካው ጉዳይ ለዚህ ጽሑፍ አይደለም። ለነጋዴ የሚጠቅመው ዘዴውን ማወቅ ነው። እውነተኛው ዕቃ በውስጡ ስለ ነበር ተቀባዩ ምንም ጉድለት አላየም፤ በጤፍ ውስጥ የተደባለቀ ባዕድ ነገር ጤፉን ጤፍ ከመምሰል እንደማያግደው ሁሉ ማለት ነው።

በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ከሐምሌ ወር 2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ይታወቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት አደጋዎች ይከተላሉ። በመጀመሪያ ስልኩና ኮምፒውተሩ መደበኛ ማደሻቸውን ሳያገኙ ስለሚቆዩ የታወቁ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ይቀራሉ። ቀጥሎም ፕሮግራም ከትክክለኛው መደብር ማውረድ ስለማይቻል ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽና በስልክ መቀባበል ይለመዳል። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ልማዱ አይተውም። የሒሳብ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ቅጂ በርካሽ የሚያስጭን ነጋዴ ዋጋውን ያተረፈ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን የፈቃዱን ቍልፍ የሰበረው ሰው ሌላ ምን ጨምሮበት እንደ ሆነ አያውቅም። በቴሌግራም የባንክ ፕሮግራም ነው ተብሎ የተላከለትን የሚጭን ባለሱቅም የመደብሩን በር ከፍቶ እንደ ተኛ ይቈጠራል።

አንድ የአዲ አርቃይ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አስመጪ 200 ካርቶን ዕቃ ለመግዛት ተስማማ እንበል። በአስመጪው ኮምፒውተር የተደበቀ ፕሮግራም ደብዳቤዎቹን ያነባል፤ የሒሳብ መጠየቂያው በሚላክበት ቀን በወረቀቱ ላይ ያለውን የባንክ ቍጥር ብቻ ይለውጣል። ስሙ፥ ዋጋው፥ ማኅተሙ ሁሉ ትክክል ነው። ነጋዴው ይከፍላል፤ አስመጪው አልደረሰኝም ይላል። ሁለቱም እውነተኞች ሆነው ሳለ ተከሳሽና ከሳሽ ይሆናሉ። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ የሚከፋው በመካከላቸው የነበረው የብዙ ዓመት መተማመን መፍረሱ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

የመጋዘኖቹ ጠባቂዎች በበኩላቸው ሥራ ጀምረዋል። ፓይፒአይ ከ2024 እ. ኤ. አ. መጀመሪያ አንሥቶ ጥቅል የሚያስገባ ሁሉ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲያቀርብ አስገድዷል፤ ኤን ፒ ኤምም በታወቁት ጥቅሎች ጠባቂዎች ላይ ይህንኑ ደንብ አውጥቷል። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ዐውቆ ጎጂ ፕሮግራም የሚያሠራጨውን በወንጀል ይጠይቃል። ነገር ግን ጉምሩክ ቢፈትሽም ነጋዴ ዕቃውን ሳይቈጥር እንደማይረከብ ሁሉ፥ በዚህም ጉዳይ የራስ ጥንቃቄ አይቀርም።

1ኛ. ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ የጥቅሎቹን ዝርዝር ይጠይቅ። ዕቃ ሲመጣ የካርቶኑን ይዘት የሚያስረዳ ዝርዝር እንደሚቀርብ፥ ፕሮግራምም ከየትኞቹ ጥቅሎችና ከየትኛው እትም እንደ ተሠራ የሚገልጽ ዝርዝር ሊኖረው ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት ወር እ. ኤ. አ. በ2021 ባወጣው ትእዛዝ ለመሥሪያ ቤቶቹ ፕሮግራም የሚሸጡ ሁሉ ይህን ዝርዝር እንዲያቀርቡ መንገዱን ጀምሯል። ዝርዝሩን ነጋዴው ራሱ ማንበብ ባይችልም፥ አንድ ጥቅል ተበከለ በተባለ ቀን ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ከዚያ አይቶ ወዲያውኑ ሊመልስለት ይችላል።

2ኛ. ሠሪው እያንዳንዱን ጥቅል በአሻራው ያስር። እያንዳንዱ ጥቅል እንደ ጣት አሻራ ያለ የራሱ ቍጥር አለው፤ በውስጡ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቍጥሩ ይለወጣል። ይህ ቍጥር በኮንቴይነር በር ላይ እንደሚደረገው እሽግ ነው። እሽጉ ያልተመሳከረ ዕቃ አይራገፍም።

3ኛ. አዲስ እትም በወጣበት ቀን አይወሰድ። ከላይ እንደ ታየው ከተበከሉት ጥቅሎች ብዙዎቹ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይነቃባቸዋልና፥ ሠሪው ጥቂት ቀን ቢታገሥ ከብዙ አደጋ ይድናል። የታወቀ ቀዳዳ ለመድፈን የሚወጣው ማደሻ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱን ማዘግየት በሩን ክፍት መተው ስለ ሆነ፥ ከባለቤቱ መምጣቱ ተረጋግጦ ቶሎ ይጫን።

4ኛ. ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክና ኮምፒውተር ለሌላ ነገር አይዋል። ለልጆች ጨዋታ፥ ለፊልምና ለዘፈን ማውረጃ ሌላ ይሁን። የባንክና የቴሌብር ፕሮግራም ከስልኩ ትክክለኛ መደብር ብቻ ይጫን፤ ምስጢር ቍጥርም ለማንም አይነገር።

5ኛ. የባንክ ቍጥር ተለወጠ የሚል ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ገንዘብ ከመላኩ በፊት በስልክ ይጠየቅ። የሚደወለውም በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቍጥር ሳይሆን ከዚህ በፊት በሚታወቀው ቍጥር ይሁን። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

6ኛ. የመዝገቡ ቅጂ በየሳምንቱ ከኮምፒውተሩና ከኢንተርኔቱ ተለይቶ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። የጋናውን ነገር ያስታውሷል። የባለዕዳዎች ዝርዝር በወረቀት ደብተርም ቢያዝ ነውር የለውም፤ ዱቤ የሸጠ ባለሱቅ መዝገቡ የጠፋበት ቀን ሀብቱ የጠፋበት ቀን ነውና።

7ኛ. ጥርጣሬ በተሰማ ጊዜ መሣሪያው ከመረቡ ይለይ፤ ሳይውል ሳያድር ለባንኩ፥ ለፖሊስና ለመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር ይነገር። የተነካ ነጋዴ በሐፍረት ዝም ሲል ጎረቤቱ በዚያው ወጥመድ ይወድቃል። በገበያ ሐሰተኛ ብር ሲገኝ ባለሱቆች እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ፥ ይህም እንዲሁ ይነገር።

ከእነዚህ ጥንቃቄዎች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የቀድሞ ነጋዴዎች በዕቃ መረከብ ጊዜ ያደርጉት የነበረውን ልማድ ወደ አዲሱ መሣሪያ ማሻገር ነው። እነርሱ በወዳጅነት የመጣላቸውን ጆንያም ቢሆን እጃቸውን እስከ ግርጌው አግብተው ሳያዩ ዋጋ አይቈርጡም ነበር፤ ይህንንም ያደርጉ የነበረው ወዳጃቸውን ስለ ጠሉ ሳይሆን፥ ወዳጃቸውም ከሌላ ሰው የተቀበለው መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው በዚህ ምክንያት ነውና፥ ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ ያለ ነጋዴ ሁሉ ስልኩን በጆንያው ዐይን ይመልከት።